ኢንቨርተር ተገጥሞም የመብራት ሂሳቡ ያልቀነሰ ኮልድ ሩም

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የወተትና የአትክልት ኮልድ ሩሞች አሉን፤ ሁሉም 2 ዲግሪ ላይ ናቸው። በአር 134 ኤ ጋዝ የሚሠሩ ሦስት ኮምፕረሰሮች (ጋዙን የሚጨምቁ ማሽኖች) አንድ በውኃ የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር (ትኩሱን ጋዝ ወደ ፈሳሽ የሚመልስ) ይጋራሉ። ውኃው የሚመጣው ጣሪያ ላይ ካለው ኩሊንግ ታወር (ውኃውን በአየር የሚያቀዘቅዝ ማማ) ነው። መብራት ለመቆጠብ ብለን ለፓምፑም ለታወሩ ፋንም ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቀያየሪያ) አስገጠምን። ሂሳቡ ግን ያው ነው። ጭራሽ የኮምፕረሰሩ የመውጫ ግፊት በየሁለት ሦስት ደቂቃው ከ8.5 እስከ 10.5 ባር ይዋዥቃል፤ ኮንደንሰሩ ላይ ያለው የውኃ ቫልቭም መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ ያ የሚንቀጠቀጠው ቫልቭ ነው። የጋዙን ግፊት እያየ ውኃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ዓይነት ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ ውኃውን ያንቃል። እናንተ ከምትሰጡት ቁጥር ስነሣ 9.5 ባር አካባቢ ላይ ተስተካክሏል፤ ይህ በእናንተ ጋዝ 40 ዲግሪ የኮንደንሲንግ ሙቀት (ጋዙ ፈሳሽ የሚሆንበት ሙቀት) ማለት ነው። ሌሊት ታወሩ 17 ዲግሪ ውኃ ቢያወርድላችሁም ቫልቩ ያንቀውና ግፊቱን እዚያው ያቆየዋል። ኮምፕረሰሩ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሰመራን ያህል ሲለፋ ያድራል። ዋናውን መብራት የሚበላው ደግሞ ኮምፕረሰሩ ነው፤ ፓምፑና ፋኑ ከእሱ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ሂሳቡ ያልቀነሰው ለዚህ ነው።

ውዥዋዡም ከዚሁ ይመጣል። ቫልቩ፣ የፓምፑ ኢንቨርተርና የፋኑ ኢንቨርተር ሦስቱም አንዱን ግፊት ያያሉ። ግፊቱ ትንሽ ሲወርድ ቫልቩ ይዘጋል፣ ፓምፑ ይቀንሳል፣ ፋኑ ይዳከማል። ውኃው አንሶ ግፊቱ ሲተኮስ ደግሞ ሦስቱም ባንዴ ይነሣሉ። እዚህ ላይ የኢንቨርተሩን ቁጥር ብቻ ማስተካከል ድካም ነው።

ከመንካታችሁ በፊት ጌጃችሁን (የግፊት መለኪያውን) እወቁት፤ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ነው፤ የባሕር ጠለል ላይ 1.01 ነው። ጌጁ ላይ የታተመው የሙቀት ቀለበት ግን ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው። በመውጫው በኩል ስሕተቱ 1 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ በመምጠጫው በኩል ግን 3 ዲግሪ ይደርሳል። ጋዙ በእውነት −8 ላይ ሲፈላ ጌጁ 1.4 ባር ያሳያል፣ ቀለበቱ ደግሞ −5 ይላል። ባለሙያው ሱፐርሂቱ (ጋዙ ከሚፈላበት ሙቀት በላይ የሞቀው) ያነሰ መስሎት ኤክስፓንሽን ቫልቩን (ፈሳሹን ወደ ክፍሉ የሚለቀውን) ያጠብቃል፤ ኢቫፖሬተሩ (ክፍሉን የሚያቀዘቅዘው) ፈሳሽ ይራባል። ይህ ስሕተት በከተማው ውስጥ ከሚገመተው በላይ ብዙ ነው። እዚህ ለአር 134 ኤ 25 ዲግሪ 5.9 ባር፣ 30 ዲግሪ 6.9 ባር፣ 40 ዲግሪ 9.4 ባር ነው ብላችሁ ያዙ።

ቀጥሎ ኮንደንሰሩ ንጹሕ መሆኑን እዩ። ቫልቩን ሙሉ ክፈቱት፣ ፓምፑን 50 ኸርዝ ላይ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ከኮንደንሲንግ ሙቀቱ ላይ ከኮንደንሰሩ የሚወጣውን ውኃ ሙቀት ቀንሱ። ልዩነቱ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ8 ካለፈ ቱቦው ኖራ ይዟል ወይም ውስጡ አየር ገብቷል። ለመለየት ኮምፕረሰሮቹን አጥፉ፤ ፓምፑ ይሥራ፤ የሚገባውና የሚወጣው ውኃ እኩል እስኪሆን ጠብቁ። ውኃው 20 ዲግሪ ከሆነ ጌጁ 5 ባር ገደማ ማሳየት አለበት። 5.5 ካሳየ አየር አለ፤ በማስወገጃ ማሽን አውጡት። 5 ላይ ከቆመ የቀረው ኖራ ነው፤ ቱቦው ይታጠብ።

አሁን ሥራውን አከፋፍሉ። የውኃ ቫልቩን ወይ አንሡና ቧንቧውን ቀጥሉት፣ ወይ ስፕሪንጉን ሙሉ በሙሉ አላልታችሁ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ኮንደንሰሩ አንድ ስለሆነ ቫልቩ አያስፈልጋችሁም። እያንዳንዱ ኮምፕረሰር የራሱ ኮንደንሰር ቢኖረው ኖሮ በቫልቩ ቦታ ከኮምፕረሰሩ ጋር የሚከፈትና የሚዘጋ ባለ ሞተር ቫልቭ ባስገባን ነበር።

ፋኑ ግፊትን እንዲያይ አትፍቀዱለት፤ ከታወሩ የሚወርደውን ውኃ ሙቀት ይይ፣ 18 ዲግሪ ላይ አስተካክሉት። ከ20 ኸርዝ በታች ሲፈለግ ይቁም። ፓምፑ ብቻ ግፊቱን ይከተል፤ መድረሻው 6.5 ባር ይሁን፣ ይህም 28 ዲግሪ ነው። ከ0 እስከ 25 ባር የሚለካ፣ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሚሰጥ ሴንሰር ከሆነ በ6.5 ባር 8.16 ሚሊ አምፔር ይመጣል፤ በመልቲሜትር አረጋግጡ። ከጌጁ ጋር ካልገጠመ ልዩነቱን ኢንቨርተሩ ላይ አርሙ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኢንቨርተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ለቤት ውኃ ግፊት እንዲሆኑ ተደርገው ነው፤ ግፊት ሲጨምር ፍጥነት ይቀንሳሉ። ለእናንተ መገልበጥ አለበት፤ ግፊት ሲጨምር ፓምፑ ይፍጠን። ካልተገለበጠ ጠዋት ሙቀቱ ሲነሣ ፓምፑ እየዘገመ ሄዶ ኮምፕረሰሮቹ በሃይ ፕሬዠር (በግፊት መብዛት) ይቆማሉ። ጌይኑን (ኢንቨርተሩ ለልዩነት የሚሰጠውን ምላሽ ጥንካሬ) አነስ አድርጉ፤ የፓምፑ የኢንተግራል ጊዜ (ልዩነቱን ቀስ ብሎ የሚያርምበት ጊዜ) ከ60 እስከ 90 ሰከንድ፣ የፋኑ ከዚያ አራት እጥፍ ያህል ይሁን። ሁለቱ በአንድ ፍጥነት ከሄዱ እንደገና ይጣላሉ። የፓምፑን ዝቅተኛ ፍጥነት 30 ኸርዝ ላይ ወስኑት፤ በቱቦው ውስጥ የሚሄደው ውኃ ከ1 ሜትር በሰከንድ ብዙ ከወረደ ኖራውና ጭቃው እዚያው ይቀመጣል።

ወደ 6.5 ባር በአንድ ቀን አትውረዱ። በየቀኑ 0.5 ባር ብቻ ቀንሱ። ምክንያቱ ኤክስፓንሽን ቫልቭ በግፊት ልዩነት የሚሠራ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ከ8.1 ባር ወደ 5.1 ሲወርድ ቫልቩ የሚያሳልፈው ፈሳሽ 80 በመቶ ገደማ ይሆናል። በየቀኑ ሳይት ግላሱን (የፈሳሹ ቧንቧ ላይ ያለውን የመስታወት መስኮት) እዩ፤ ከኮምፕረሰሩ በጣም የራቀውን ክፍል ሱፐርሂትም ለኩ። አረፋ ከታየ ፈሳሹ በመንገድ ላይ እየፈላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የፈሳሹ ቧንቧ በሞቃት ጣሪያ ሥር ሳይሸፈን ሲያልፍ ነው። ሸፍኑት። ሳይት ግላሱ ጥርት ብሎ ሱፐርሂቱ ከ12 ዲግሪ ካለፈ ለዚያ ክፍል ኤክስፓንሽን ቫልቭ ብቻ ትልቅ ኦሪፊስ (ፈሳሹ የሚያልፍበት ቀዳዳ) አስገቡ፤ የቫልቩን ብሎን አትንኩት። የኮምፕረሰሩ ፋብሪካ ከፈቀደው ዝቅተኛ የኮንደንሲንግ ሙቀት በታችም አትውረዱ።

የኮንደንሲንግ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲወርድ ኮምፕረሰሩ የሚበላው ከ2 እስከ 3 በመቶ ይቀንሳል። ከ40 ወደ 28 ስትወርዱ ቢያንስ ሩብ ያህሉ ይተርፋል። ቀን ላይ ውኃው 18 ካልወረደ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ጉዳት የለውም። ከፓምፑ ያን ያህል ቁጠባ አትጠብቁ፤ ውኃውን ከታወሩ ገንዳ እስከ ላይኛው መርጫ ማንሣት በየትኛውም ፍጥነት ያው ቁመት ነው።

የሃይ ፕሬዠር ስዊቹ ኮምፕረሰሩን የሚያቆምበትን ግፊት አትለውጡ። ኢንቨርተሩንም ከሴንሰሩ 4 ሚሊ አምፔር ካልደረሰው ፓምፑን በቀጥታ 50 ኸርዝ ላይ እንዲያሄድ አስተካክሉት፤ ሴንሰሩ ሌሊት ቢበላሽ ወተቱ ቀዝቅዞ ያድራል።