ዋናው ሰርቨር ሲወድቅ ተጠባባቂው ይነሳል? ጥያቄና መልስ

ስለ ተጠባባቂ ሰርቨር፣ ማለትም የቢሮው ሥራ የሚያርፍበት ዋና ኮምፒውተር ሲወድቅ ቦታውን ስለሚይዘው ሁለተኛ ኮምፒውተር፣ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ መጣሁ። ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ የተመለሰ ሁሉ ጉዳዩ ይገባዋል።

ጥ፦ ሰላም ወንድሜ። ሁለት ሰርቨር አለኝ። አንዱ ሲሞት ሌላው በምን ያውቃል?

መ፦ በዝምታው ነው የሚያውቀው። ዋናው በየጊዜው «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይልካል። ሊኑክስ ላይ ለዚህ ሥራ የተለመደውን ኪፕአላይቭድ የሚባል ፕሮግራም ውሰድ። ካልቀየርከው በየ1 ሴኮንዱ ይልካል። ሦስት ያህል መልእክት ከቀረ ተጠባባቂው ይረከባል፤ 4 ሴኮንድ አይሞላም። የቢሮው ሠራተኞች የሚያውቁት አንድ የጋራ አይፒ አድራሻ (ሰርቨሩ ኔትወርክ ላይ የሚገኝበት ቁጥር) ነው። የሚዛወረው እሱ ነው። አዲሱ ባለቤት «አድራሻው አሁን እኔ ጋ ነው» ብሎ ለኔትወርኩ ያሳውቃል። የሠራተኛውን ኮምፒውተር መነካካት የለም።

ጥ፦ ዋናው ሳይሞት መሃል ያለው መስመር ብቻ ቢቋረጥስ?

መ፦ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ግን አይተያዩም። ተጠባባቂው «ሞቷል» ብሎ ይነሳል። አሁን ሁለት ዋና አለ። ግማሹ ሂሳብ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይመዘገባል። ስፕሊት ብሬይን የሚባለው ይሄ ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. ጊትሀብ (ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ የደረሰውን እዩ። አሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ግንኙነት ለ43 ሴኮንድ ተቋረጠ። የዳታቤዙ ዋናነት በራሱ ወደ ምዕራብ ጠረፍ ዞረ። ምሥራቅ ላይ ግን ገና ያልተገለበጠ ዳታ ቀርቶ ነበር። ያንን እስኪያስታርቁ አገልግሎቱ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተጓደለ። ከ43 ሴኮንድ የተነሳ!

መድኃኒቱ ማን ዋና ይሁን በሚለው ላይ ሦስተኛ ድምፅ መጨመር ነው። 3 ማሽኖች ካሉ 2ቱ አብላጫ ናቸው። 2 ብቻ ከሆኑ አንድ ለአንድ ነው፤ ዳኛ የለም። ሦስተኛው ዳታ ሳይዝ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን ቢሆን ይበቃል። ኪፕአላይቭድ ግን ድምፅ አይቆጥርም። ለዳታቤዝ ከሆነ ድምፅ ቆጥረው የሚወስኑትን ፔስሜከርና ኮሮሲንክ የሚባሉ ፕሮግራሞች ተማር።

ጥ፦ ተጠባባቂ ካለኝ ባክአፕ ለምን?

መ፦ ተጠባባቂው የዋናውን ዳታ እየተከተለ ስለሚገለብጥ፣ ዋናው ላይ በስህተት ያጠፋኸው ተጠባባቂውም ላይ ወዲያው ይጠፋል። ባክአፕህን፣ ለብቻው የተቀመጠውን ቅጂ፣ እንዳትተው።

ጥ፦ የምሠራው ትንሽ ክሊኒክ ነው። ያገለገሉ ሁለት ዴስክቶፖች አሉን። ይሆናሉ?

መ፦ ይሆናሉ እህቴ። የማሽኑ ማርጀት አያስፈራኝም። አንድ ቢሮ ሁለት አዳዲስ ሰርቨር ጎን ለጎን አስቀምጦ አየሁ። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ስል የሁለቱም ገመድ አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል። ዲቫይደሩ አንድ ዩፒኤስ ላይ። የኔትወርክ ኬብላቸውም አንድ ስዊች (የኔትወርክ ማከፋፈያ) ውስጥ። መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ ሲደክም ሁለቱም እኩል ጠፉ። ስለዚህ ለየማሽኑ የራሱ ሶኬትና ዩፒኤስ ይኑረው። ሁለተኛ ስዊች ከቻላችሁ ጨምሩ።

ጥ፦ እንደሚሠራ በምን ላረጋግጥ?

መ፦ ንቀለው! ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ለሁሉም ተናግረህና ባክአፕ ወስደህ የዋናውን የኔትወርክ ኬብል ንቀል። ሰዓት ያዝ። ቀጥሎ መመለሱን ሞክር፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ዋናው ሲነሳ የቆየ ዳታ ይዞ ቦታውን መልሶ እንዳይቀማ፣ ኪፕአላይቭድ ላይ ሁለቱንም በተጠባባቂነት አስጀምርና ኖፕሪኤምፕት («አትቀማ») የሚለውን ቅንብር ጨምርበት። ዳታው እኩል መሆኑን አይተህ ራስህ ትመልሰዋለህ።