የገጠር ሰው እና የአእምሮ ጤና አፕ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ጓዶች፣ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ ስራዬ አራት ኪሎ አካባቢ ነው፣ ለስልጠና ደግሞ ገጠር እወጣለሁ። ለገጠር የድብርት አፕ መስራት ልክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ስለበዛ ያላችሁን ወርውሩ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሀኪም በሌለበት አፕ ከምንም አይሻልም?
ሁልጊዜ አይደለም። ብዙ አፕ ላይ ያለው ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መለኪያ መጠይቅ ነው፣ 9 ጥያቄ፣ ከ0 እስከ 27 ነጥብ። የመጨረሻው ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃል። እሺ ሰውዬው ሌሊት ላይ "በየቀኑ ማለት ይቻላል" የሚለውን መልስ ነካ፣ ማን ይደውልለታል? "በአቅራቢያዎ ያለ ባለሙያ ያማክሩ" ካለው እኮ አሾፈበት! የሚቀበለው ሰው ከሌለ ባትጠይቁት ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ሌላ ሰው እንዳያየው አፑ በፓስዎርድ ቢቆለፍስ?
ፓስዎርዱ ራሱ ጠብ ያመጣል፣ ሚስት ምን ደብቀሽ ነው ትባላለች። ስልኩ እኮ የቤቱ ነው፣ ባል ገበያ ይዞት ይወርዳል፣ ልጅ ጌም ይጫወትበታል፣ መብራት ከሌለ ቻርጅ እንዲሆን ከተማ ሱቅ ተትቶ ይውላል፣ እዛ ስክሪኑ ላይ "ዛሬ ስሜትሽ እንዴት ነው?" የሚል ኖቲፊኬሽን ብቅ ካለ ባለሱቁም አወቀ ማለት ነው። ኖቲፊኬሽኑ ከመጀመሪያውኑ ጠፍቶ ይምጣ።

ጥያቄ፦ ዳታውስ? ህግ የለንም እንዴ?
አለን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016፣ የጤና መረጃን ለብቻው ጠበቅ አድርጎ ያየዋል። ግን አሜሪካ እንኳን ቤተርሄልፕ የሚባለው የኦንላይን የስነልቦና ምክር ድርጅት የደንበኞቹን መረጃ ለፌስቡክና ለስናፕቻት ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጠ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ስምምነት የምትሉት ነገርም አለ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው "እስማማለሁ" የምትለዋ ቁልፍ ምኑ ናት? የጤና ባለሙያ ቆሞ ሲጠይቀው ደግሞ እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስለው ይሁን ይላል።

ጥያቄ፦ ጸበልስ?
ጸበል አትሂዱ ያለ አፕ በማግስቱ ይጠፋል። መድሀኒታችሁን ሳታቋርጡ ሂዱ ይበል፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ይሰራ? እኛ እየሰራን ነበር 😅
ስሩ፣ ግን ለታማሚው ሳይሆን ለጤና ጣቢያ ነርሷ ስሩላት። ጉራጌ ቡታጅራ አካባቢ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሰልጥነው ከባድ የአእምሮ ህመም ሲከታተሉ ውጤታቸው ከሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ነርሶች ክሊኒክ እንደማያንስ በጥናት ታይቷል። እሷ የሚያስፈልጋት ያለ ኔትወርክ የሚሰራ የመድሀኒት መጠን ማስታወሻ፣ ቀጠሮ የቀረ ሰው ስም፣ ሲከብዳት የምትደውልለት ቁጥር ነው። ደግሞ ፈንዱ ሲያልቅ ዳታው የት እንደሚሄድ አሁኑኑ ጻፉ፣ ሰርቨሩ ከተዘጋ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።