ጥያቄና መልስ፦ ተግባቢነት ፓርቲ አለው ወይ?

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን ክርክር ተነሳ። አንዱ «ለውጥ ፈላጊ ሰው ተጫዋች ነው፣ ወግ አጥባቂው ግን ፊቱ አይፈታም» አለ። ሌላው ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። ሥነ ልቦና ስለማስተምር «አንተ ፍረድ» ተባልኩ። እንግዲህ ጠይቁ፣ የማውቀውን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሳያስረዝሙ፣ የቱ ነው ተግባቢው?

መልስ፦ የትኛውም አይደለም። ባሕርይ በብዛት የሚለካው በአምስት ዘርፍ ነው፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ሥርዓትና ጥንቃቄ፣ ተግባቢነት፣ ለሰው መመቸት፣ ጭንቀታምነት። በአሜሪካና በአውሮፓ በተደጋጋሚ እንደታየው አዲስ ነገር ወዳዱ ትንሽ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ለውጥ ፈላጊው፣ ሥርዓት ወዳዱ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ወደ ወግ አጥባቂው፣ ያዘነብላል። የተግባቢነት ዝምድና ግን ከዜሮ እልፍ አይልም።

ጥያቄ፦ ለሰው መመቸትስ? ደግ ሰው ወደየት ያዘነብላል?

መልስ፦ እዚህ ላይ ነገሩ ይጥማል። በ2010 እነ ጄኮብ ሂርሽ ይህን ባሕርይ ለሁለት ከፍለው መረመሩት፤ ርኅራኄና ጨዋነት ብለው። ርኅራኄው ወደ ሊበራሉ (ለውጥ ፈላጊው)፣ ጨዋነቱ ወደ ወግ አጥባቂው አደላ። አንዱ ስታለቅስ አብሮህ ያለቅሳል፤ ሌላው ስትገባ ብድግ ብሎ ወንበር ይለቅልሃል። የቱ ይበልጥ ደግ ነው? ያ ባንተ አስተዳደግ ይወሰናል። እናቴን ብትጠይቋት ያለማመንታት ወንበር የለቀቀውን ትመርጣለች።

ጥያቄ፦ ፈገግታስ?

መልስ፦ በ2015 የወጣ ጥናት ነበር። ደስተኛ ነህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ወግ አጥባቂው ይበልጥ «አዎ» ይላል። የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ፎቶ ሲመረመር ግን ከልብ የሆነው፣ ዓይን ድረስ የሚደርሰው ፈገግታ በሊበራሎቹ ላይ በርከት ብሎ ተገኘ።

ጥያቄ፦ እነዚህ ጥናቶች ይታመናሉ ግን?

መልስ፦ በልክ። በ2012 አንድ የታወቀ የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ መጽሔት ባሕርይንና የፖለቲካ አቋምን ያዛመደ ጥናት አወጣ። በ2016 እርማት መጣ፤ ቁጥሩ ተገልብጦ ስለገባ ለወግ አጥባቂ የተባለው ለሊበራል፣ ለሊበራል የተባለው ለወግ አጥባቂ ሆኖ ተገኘ። አራት ዓመት ሙሉ ስንቱ ጠቅሶት ይሆን!

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነው። እኛ ጋ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር አለ እንዴ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኢሕአፓና መኢሶንን አስቡ። ሁለቱም ማርክሲስት ናቸው፣ ሁለቱም ከአንድ የተማሪዎች እንቅስቃሴ የወጡ። ስድስት ኪሎ አብረው የተማሩ ልጆች በ1969 ዓ.ም. ተገዳደሉ። ባሕርይ ፓርቲ የሚመርጥ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሁሉ አንድ ፓርቲ ውስጥ በሆኑ ነበር።

እዚህ ከተማ ዝም ያለ ሰው ስታዩ ታዲያ «ቁጥብ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ አንዲት የጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ጋ እቀመጥ ነበር። አምስት ሆነን ስለ መንግሥት ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስንሟገት አንድ የማናውቀው ሰው ዱካዋን ስቦ ይቀመጣል። ማንም ማንንም በዓይኑ አይጠቅስም። ልጅቷ ብቻ ከሰሉን ማራገቧን ታቆም ነበር። ወዲያው ወሬው አርሰናል ይሆናል፤ የዋንጫ ነገር፣ የተከላካዩ ጉዳት። ሰውዬው ከፍሎ ሲሄድ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ያን ጊዜ ባሕርያችንን በመጠይቅ የለካ ሰው ምን ይጽፍ ነበር?

ጥያቄ፦ የፓርቲ ሰዎች ሁሉ ግን ወሬኞች ናቸው፤ ይህስ?

መልስ፦ እውነት አለው። ተግባቢ ሰው የትኛውንም ወገን ቢደግፍ ስብሰባ ይወዳል፣ ቤት ለቤት ይቀሰቅሳል። ዝምተኛው ደጋፊ ቤቱ ስለሆነ አታየውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፖለቲካ የሚለውጠው ነገር የለም ማለት ነው?

መልስ፦ አለ፤ ፊት የምንሰጠውን ሰው ይለውጣል። በ1960 ልጃቸው ከሌላው ፓርቲ ሰው ጋር ቢጋባ ቅር እንደሚላቸው የተናገሩት ሪፐብሊካን አሜሪካውያን 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ2010 ወደ ግማሽ ተጠጉ፤ ከዴሞክራቶቹም ሲሶው ያህል። በ2016 የምስጋና ቀን፣ ማለትም የአሜሪካ ቤተሰብ ለማዕድ በሚሰበሰብበት በዓል፣ እራት ላይ ደግሞ፣ በስልክ አካባቢ መረጃ እንደታየው፣ በፖለቲካ ከሚቃረኑ ሰፈሮች የመጡ ቤተሰቦች ማዕድ ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ያጠረ ነበር።

እኛ ጋ እድሩ ይይዘናል። ሰፈራችን ውስጥ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ወዲህ ሰላም የማይባባሉ ሁለት ጋሼዎች አሉ። ለቅሶ ሲሆን ግን የድንኳኑን ምሰሶ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ይዘው ያቆሙታል። «ትንሽ ወደ አንተ» ይባባላሉ። ከዚያ ውጪ አንዲት ቃል የለም።

ጥያቄ፦ የልብ ጓደኛዬ ነበር፤ በፖለቲካ ተጣልተን ሦስት ዓመት ሆነን። በምን ልጀምር?

መልስ፦ ደውዪለት፤ በጽሑፍ አይሆንም። «ማን ልክ ነበር» የሚለውን አታንሺ። እናቱ ደህና መሆናቸውን ጠይቂ፣ ከዚያ ካዛንቺስ ምሳ ቅጠሪው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ መምህር፣ እርስዎስ የማን ደጋፊ ነዎት?

መልስ፦ የአርሰናል። አጠገቤ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል።