መልስ፦ 1 ሄርዝ ላይ ካጣራሁ በኋላ ቀርፋፋው ሞገድ ጠፋብኝ

ወንድሜ፣ በኢኢጂ ዳታህ (በራስ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች በተቀዳው የአንጎል ኤሌክትሪክ) ውስጥ ሞገዱን ያጠፋው አይሲኤ (የተቀላቀሉ ምልክቶችን ወደየክፍላቸው የሚለይ ስልት) ሳይሆን ማጣሪያው ነው። ሰው ጣቱን ከማንቀሳቀሱ በፊት የሚታየው የዝግጁነት ሞገድ (ኮርንሁበርና ዴከ በ1965 የገለጹት) ከእንቅስቃሴው አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ቀድሞ ቀስ እያለ ይገነባል። ከ1 ሄርዝ በታች ያለውን (በሰከንድ ከአንድ ዑደት የዘገየውን) ስትቆርጥ እሱንም አብረህ ጣልከው።

«ሳላጣራ ስሞክር ደግሞ አይሲኤው የማይረባ ነገር ሰጠኝ» ያልከውም አይገርምም። ላብና የላላ ኤሌክትሮድ የሚፈጥሩት መዋዠቅ ከአንጎል ምልክቱ እጅግ ይገዝፋል፤ ባሕርይውም በየደቂቃው ይለዋወጣል። አይሲኤ ያሉትን ክፍሎች ሁሉ ይህን መዋዠቅ ሲያሳድድ ይጨርሳቸዋል።

ስለዚህ ዳታውን ሁለት ቅጂ አድርገው። አንዱን 1 ሄርዝ ላይ አጣርተህ አይሲኤውን በእሱ አሠልጥን። የተገኘውን የመለያ ማትሪክስ ወስደህ 0.05 ሄርዝ ላይ ብቻ በተጣራው ቅጂ ላይ አውለው፤ ከዓይን እንቅስቃሴና ጥቅሻ የመጡትን ክፍሎች የምታወጣው ከዚያ ነው። የሚሠራበት ምክንያት ማትሪክሱ የቻናሎች (የየኤሌክትሮዱ ቅጂዎች) ክብደት ብቻ ስለሆነ ነው፤ ስለ ጊዜ የሚያውቀው ነገር የለም። ቻናሎቹና ሪፈረንሱ (የሌሎቹ ቮልቴጅ የሚለካበት መነሻ) ግን በሁለቱም ቅጂ አንድ ይሁኑ፤ እኔ ይህን ረስቼ ሁለት ቀን አቃጥያለሁ።

የላቡን መዋዠቅ ይህ ዘዴ አያጸዳልህም፤ የተበላሹትን ሙከራዎች (የየአንዳንዱን የጣት እንቅስቃሴ ቅጂ) በዓይንህ እያየህ ጣላቸው። ደግሞም ያወጣሃቸውን ክፍሎች ብቻቸውን ወደ ቻናሎቹ መልሰህ በእንቅስቃሴው መነሻ ላይ አማካያቸውን ውሰድ። ሲዜድ (አናት መሃል ላይ ያለው ኤሌክትሮድ) ላይ ወደ አሉታዊ የሚያዘቀዝቅ መስመር ካየህ፣ የምትፈልገውን ሞገድ እየጣልክ ሊሆን ይችላል።