ጨረቃና በሌሊት የሚበሩ ወፎች

ጥያቄ፦ በምኖርበት የገጠር አካባቢ፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሰሞን፣ ሌሊት የወፎች ድምፅ ከወትሮው በርከት ብሎ ይሰማል። በእርግጥ ወፎች በጨረቃ ብርሃን የበለጠ ይበራሉ? መንገዳቸውንስ የምትመራቸው ጨረቃ ናት? (አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልነሳ። በሌሊት የሚሰደዱ ወፎች አቅጣጫቸውን የሚለዩት በዋናነት በከዋክብትና በምድር መግነጢሳዊ መስክ ስለሆነ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊትም ይጓዛሉ። ጨረቃ በሌሊት ለሚያድኑት ወፎች የምትጠቅመው ምግባቸውን በማሳየት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የምትሆነው ናይትጃር የተባለችው ወፍ ናት። ሌሊት በአቧራማ መንገድ ላይ ተቀምጣ የመኪና መብራት ሲያርፍባት ዓይኗ እንደ ፍም ይቀላል። የእሳት ራትን የምታድነው ቅርጹ በሰማዩ ላይ ጎልቶ ሲታያት በመሆኑ፣ ጨረቃ ከሌለች አደኗ በምሽትና በንጋት ወገግታ ብቻ ይወሰናል። የስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአውሮፓ ናይትጃሮች ላይ ትንንሽ መመዝገቢያ መሣሪያ አስረው ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ወፎቹ በጨረቃማ ሌሊት ለአደን የሚያውሉት ጊዜ ከጨለማው ሌሊት ከእጥፍ በላይ ነው። በዚያ ሰሞን ስብ ካከማቹ በኋላ፣ ሙሉ ጨረቃ ካለፈች 10 ቀን ያህል ቆይተው፣ ወደ አፍሪካ የሚያደርጉትን ጉዞ ብዙዎቹ በአንድ ሰሞን ይቀጥላሉ። እንግዲህ ጨረቃዋ የምትወስነው የሚነሡበትን ቀን ጭምር ነው ማለት ነው፤ ረጅሙን በረራ ግን የሚያደርጉት ጨረቃዋ ጎድላ ሌሊቱ ሲጨልም ነው።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀኝ፣ በሰሜን አሜሪካ ተራብተው የብርዱን ወራት በአማዞን ሰማይ ላይ የሚያሳልፉት ጥቁር ስዊፍት የተባሉት ወፎች የሚያደርጉት ነው። ሙሉ ጨረቃ በሆነችበት ሰሞን፣ ነፍሳትን ለማደን ሳይሆን አይቀርም፣ ሌሊቱን እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የጨረቃ ግርዶሽ በሆነ ጊዜ፣ መሣሪያ የታሰረባቸው ወፎች ጨረቃዋ ስትጨልም በአንድነት ወደ ታች ወርደዋል፤ ይህም ወፎቹን ከፍ የሚያደርጋቸው ከሰውነታቸው ውስጥ የሚቆጥር ወርኃዊ ሰዓት ሳይሆን ብርሃኑ ራሱ መሆኑን ያሳያል።

ጨረቃን የሚሸሹም አሉ። ፔትረል የሚባሉት ትንንሽ የባሕር ወፎች፣ በብርሃን አድነው የሚበሏቸውን ትልልቅ ወፎች በመፍራት፣ ወደ ጎጇቸው የሚመለሱት ሌሊቱ ሲጨልም ነው።

የሚሰሙት ድምፅ ከአንድ ቦታ ተደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ የናይትጃር ሊሆን ይችላል፤ ናይትጃሮች በጨረቃ ሌሊት አብዝተው ይጮኻሉና። አጭርና ከላይ እያለፈ የሚሄድ ከሆነ ግን የተሰዳጅ ወፎች የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።