«ስልክ ጥገና እንማር ወይስ ይቅርብን?» ላላችሁኝ ልጆች

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ሁለታችሁ ስታዲየም አካባቢ ካለችው ሱቄ መጥታችሁ፣ «ጋሼ፣ ስማርት ስልክ ሊጠፋ ነው ይባላል፤ ታዲያ ጥገናውን ብንማር ምን ይጠቅመናል?» አላችሁኝ። እጄ ላይ የደንበኛ ስልክ ተከፍቶ ስለነበር «ቆዩ እስቲ» ብዬ አለፍኳችሁ። ከሄዳችሁ በኋላ ግን ጥያቄያችሁ አልለቀቀኝም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለሚሌኒየሙ በዓል ከአሜሪካ የመጣ ደንበኛ አይፎን አሳየኝ። ዕቃው ገበያ ከወጣ ሦስት ወር አልሞላውም። ያኔ ሱቄ ፒያሳ ነበረች። አገላብጬ አየሁትና «ቁልፍ የሌለው ስልክ? ይሄስ አይሄድም» አልኩት። በዚያው ወር አንድ ካርቶን ሙሉ የኖኪያ ኪፓድ ገዛሁ። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደዚህ ስመጣ ካርቶኑ ግማሽ እንኳ አልጎደለም ነበር። እና ትንቢት ከእኔ አትጠብቁ። የዕቃን ጠባይ ግን ትንሽ አውቃለሁ።

ከስልክ እንገላግላችኋለን ብለው የመጡ አሉ። ሂዩሜን የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ደረት ላይ የሚለጠፍ ዕቃ በ699 ዶላር ሸጠ። ስክሪን የለውም፤ በድምፅ ታዙታላችሁ፣ ጽሑፍ ካስፈለገ በሌዘር መዳፋችሁ ላይ ያበራል። ፀሐይ ላይ ጽሑፉ አይነበብም፣ ዕቃው ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ዓመት ሳይሞላው፣ በ2025 መጀመሪያ፣ አገልግሎቱ ተዘጋ።

እኔ ግን ሙቀቱም ባትሪውም ቢስተካከል እንኳ አይዘልቅም ነበር እላለሁ። ይሄ የገባኝ ታክሲ ውስጥ ነው። ከአራት ኪሎ ስመጣ ከጎኔ የተቀመጡ እናት *127# መትተው ብር ሊልኩ ነው። ወደ እኔ ገልመጥ አሉና ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠጉ፤ በነጠላቸው ጫፍ ከለል አደረጉት፤ ፒናቸውን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረጉ። እኚህ እናት ሰው በታጨቀበት ሚኒባስ ውስጥ «ለልጄ ሦስት ሺህ ብር ላክልኝ» ብለው ጮክ ብለው ያዛሉ? አያደርጉትም። ስክሪን ማለት እኮ ሰው መሃል ተቀምጦ ዝም ብሎ ጉዳይን መጨረሻ ዘዴ ነው።

ድምፁ ራሱ አማርኛችን ላይ ብዙ ይቀረዋል። «ገና» ብላችሁ ጻፉና ማሽን ያንብብላችሁ። በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው፣ ከፊደሉ አይታወቅም፤ መጥበቁና መላላቱ አይጻፍማ። እኛ ከዐረፍተ ነገሩ እንለየዋለን፣ ማሽኑ ግን ብዙ የሰው ንግግር ሰምቶ ነው የሚለምደው። ኮምፒውተር የምትማሩ ካላችሁ ሥራ እዚህ ላይ አለ፤ የእኔን ጠረጴዛ መጋፋት አይጠበቅባችሁም።

የተሻለ ተስፋ ያየሁት ስልክን ይተካል የሚባለው መነጽር ላይ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 በ1,500 ዶላር ያወጣው ግላስ አልሆነም፤ ካሜራ ፊቱ ላይ ከሰካ ሰው ጋር ማን ዘና ብሎ ቡና ይጠጣል? አፕል በ2024 ያወጣው ቪዥን ፕሮ 3,499 ዶላር ነው፤ ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ ባትሪው ደግሞ በገመድ ተንጠልጥሎ ኪስ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ስልክ ለመተው ብላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ሌላ ዕቃ ልትይዙ ነው።

ያስደነገጠኝ የፌስቡኩ ድርጅት ሜታ ከመነጽር ሠሪው ሬይባን ጋር በ2025 በ799 ዶላር ያወጣው መነጽር ነው። 69 ግራም ይመዝናል፣ በቀኝ መስታወቱ ላይ ትንሽ ምስል ያሳያል። ዋናው ግን አብሮት የሚመጣው የእጅ አንጓ ማሰሪያ ነው፤ የጡንቻችሁን የኤሌክትሪክ ምልክት ያነባል። ጣታችሁን በትንሹ ስታንቀሳቅሱ ይታዘዛል፣ ቃል ሳትተነፍሱ። የእኚያን እናት ጉዳይ የነካ የመጀመሪያው ዕቃ ይሄ መሰለኝ። ሆኖም ከስልክ ጋር ተያይዞ ነው የሚሠራው።

ለምን ቢባል፣ ኪስ የሚችለውን አፍንጫ አይችልም። ባትሪ ስታሳድጉ ክብደት ይጨምራል፤ ቺፑ ብዙ ሲሠራ ይሞቃል፣ ያ ሙቀት ደግሞ ጆሮ ግንዳችሁ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ስልኩ በአንድ ቀን የሚሞት አይመስለኝም። ቀድሞ የሚወጣው ስክሪኑ ነው፤ ቀፎው ባትሪና አእምሮ ሆኖ ቦርሳ ውስጥ ይከርማል።

የእኛ ከተማ ነገርም አለ። እዚህ ስልክ ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ ይወርዳል፣ ከዚያ ክፍለ ሀገር ላሉት እናት ይላካል። ሦስት ባለቤት ያየ ስልክ በየሳምንቱ እከፍታለሁ። ሐኪም ያዘዘው መነጽር ግን የአንዱ ለሌላው አይሆንም፤ ዓይናችን ለየቅል ነው።

እኔ ከሬዲዮና ቴፕ ጥገና ነው የመጣሁት። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ስለ ቀፎ የማውቀው ነገር አልነበረም። ይዤ የተሻገርኩት የኮረንቲ መለኪያ ሜትር ማንበብ፣ ሳያቃጥሉ መበየድ፣ ኮረንቲው የት ጋ እንደቆመ ተከታትሎ ማግኘት ነው። ተማሩ የምላችሁ ያንን ነው፤ የስልክ ሞዴል መሸምደዱን ተዉት። ያበጠ ባትሪ ስልክ ውስጥም ሆነ መነጽር ውስጥ አመሉ ያው ነው።

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ ካሜራ ያለው መነጽር ቻርጅ አልቀበል ብሎት አመጣልኝ። ባትሪው ጆሮ ላይ በሚያርፈው ዘንግ ውስጥ ነው። ብሎን ፈለግሁ፣ የለውም፤ ሁሉም በሙጫ ተጣብቋል። እንደ ስልክ ስክሪን አሙቄ ልከፍት አሰብኩና ፕላስቲኩ እንዳይጣመም ፈርቼ ተውኩት። ሳይከፈት መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤቱ «ከተበላሸም ይበላሽ፣ ሞክሩት» ብሎኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ነኝ፤ ቀጭን ጉጠት ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የእኔው ጫፉ ተሰብሯል።