«ቀልቤ አልሰበሰብ አለ» ለምትሉ፦ ጥያቄና መልስ

የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። የላካችሁልኝን በተራ ልመልስ። ምርመራ ግን በጽሑፍ አይሆንም።

«አንድ ገጽ አንብቤ ስጨርስ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ኤዲኤችዲ ነው?»
ከመቼ ጀምሮ? ሁሌም መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው። ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) በ30 ዓመት ድንገት አይጀምርም። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ፣ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መታየት አለባቸው፣ ያውም ከአንድ በላይ ቦታ። እናትህን ጠይቃት። «ለዳቦ ልኬህ ኳስ ሜዳ ቀረህ» ካለችህ ያ ሁላችንም ነን። ደብተር በየጊዜው ስትጥል፣ የፈተና ወረቀቱን ጀርባ ሳታገላብጥ ስታስረክብ ያደግክ ከሆነ ግን ይታይልህ። ዘንድሮ የመጣብህ ከሆነ አስቀድሞ እንቅልፍህ፣ ጭንቀትህ፣ ደም ማነስና ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ይታዩ።

«ልጄ ካርቱን ላይ ሁለት ሰዓት ፍንክች አይልም፣ የቤት ሥራ ላይ አምስት ደቂቃ አይቀመጥም። ስንፍና አይደል?»
አይደለም እህቴ። ካርቱኑ በየሰከንዱ እየተቀያየረ ራሱ ይጎትተዋል፤ ለቤት ሥራው ግን ልጁ ራሱን መጎተት አለበት፣ የሚያቅተውም ያ ነው። በዱላ አይመጣም። ሥራውን ቆራርጠሽ ስጪው፣ አጠገቡም ተቀመጪ።

«ጫት ስቅም ጥናት ይገባኛል።»
ውሸት ነው አልልህም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ነው፣ ለጊዜው ያነቃል። ሂሳቡ የሚመጣው ሌሊት ነው፦ እንቅልፍ የለም፣ በነጋታው ድብርት፣ ያንን ለማባረር ሌላ ዙር፣ ልተው ስትል ደግሞ ሀራራና ዱካክ (የሌሊት ቅዠት)። ፈተናው አልፎም ሱሱ አብሮህ ይቆያል።

«ስልኬን ምን ላድርገው?»
ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ድምፁን ማጥፋት አይበቃም፤ ጠረጴዛው ላይ ካለ እጅ ይሄዳል። 25 ደቂቃ ሞልተሽ ሥሪ፣ 5 ደቂቃ እረፊ። 25 ከከበደሽ በ10 ጀምሪ። በእረፍትሽ ቲክቶክ እንዳትከፍቺ፣ አምስቷ ደቂቃ እዛ ከገባች አትወጣም! «ለእንትና መደወል ነበረብኝ» የሚል ሀሳብ ሲመጣብሽ ወረቀት ላይ ጣል አድርገሽው ቀጥዪ።

«የት ልሂድ?»
አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ሰው ስሙን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ ይበል። ክፍለ ሀገር ከሆንክ ቅርብህ ያለው ትልቅ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል እንዳለው ጠይቅ። ስትሄድ የልጅነት የትምህርት ቤት ካርድህን ፈልገህ ያዝ። «ጎበዝ ነው፣ ግን በክፍል ውስጥ አይከታተልም» የሚል የመምህር አስተያየት ካለበት ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው።